በአደባባይ የሰው ታሪክ ስንጠይቅ ልንሸሻቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንዲ ቻንግ የተባለች አርቲስት ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ተጥሎ የቆየ የአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ጥቁር የሰሌዳ ቀለም ቀባች። የምትወደው ሰው ሞቶባት ሐዘን ላይ ነበረች። «ከመሞቴ በፊት … እፈልጋለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ጻፈችበት፤ ባዶውን ቦታ አላፊ አግዳሚው በጠመኔ እንዲሞላው። በማግስቱ ግድግዳው ሞልቶ ወደ ጠርዙ እየፈሰሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ70 በሚበልጡ አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ግድግዳዎች ተሠርተዋል።

ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሞክረዋል። ግን የማያውቁትን ሰው ልብ መጠየቅ ኃላፊነት አለው። ሲበላሽም የሚጎዳው የጻፈው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጥያቄውን ማስፋት ነው። «ታሪክዎን ያካፍሉን» የሚል ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው የትኛውን ታሪክ ብሎ ይጀምር? ታክሲ ሊያመልጠው ነው፤ ያልፋል። ቻንግ ግማሹን ዓረፍተ ነገር ራሷ ጻፈችለት፤ ለእሱ የቀረው መጨረስ ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍተት አንዱ «አንድ ጊዜ ደግሜ ላቅፋት» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ሙሉ በሙሉ ራሴን መሆን» አለ። የባህር ወንበዴ መስሎ የለበሰ ሰው ደግሞ በባህር ውንብድና መከሰስ እንደሚፈልግ ጽፏል። ቀልዱና ሐዘኑ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው ግድግዳውን ሕይወት የሰጠው።

መልሱን አስቀድሞ የወሰነ ጥያቄም ያው ነው። «ስለ ከተማችን በጣም የሚወዱት ምንድን ነው?» ስትሉ የምታገኙት ሙገሳ ነው። ሰው ስፖንሰሩን ለማስደሰት እንደተጠራ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው ስህተት ባዶ ሰሌዳ አቁሞ መጠበቅ ነው። ማንም የመጀመሪያው መሆን አይፈልግም። መጀመሪያ እናንተው ጻፉበት፤ የፈጠራ መልስ ሳይሆን የምር የራሳችሁን።

ሦስተኛውን ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ፤ ስምና ፊት መጠየቅ። ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ላስ ቬጋስ ላይ ሰዎች ምስጢራቸውን የሚናዘዙበት ሥራ ስትሠራ መጋረጃ ያላቸው ዳሶች አዘጋጀች። ሰው ገብቶ መጋረጃውን ይስባል፣ ትንሽ እንጨት ላይ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። ፍራንክ ዋረን የተባለ አሜሪካዊም እ.ኤ.አ. በ2004 ዋሽንግተን ውስጥ ፖስትካርድ ሲያድል የጠየቀው ምስጢራቸውን ያለ ስም እንዲልኩለት ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በሚተዋወቅ ሰፈር ውስጥ ማን ሲጽፍ እንደታየ ማታውኑ ይወራል። ስለዚህ ከባድ ጥያቄ ከሆነ ግድግዳውን ተዉትና ሳጥንና ወረቀት አቅርቡ። ሰው ጠመኔ ባነሳ ቁጥር ካሜራ የሚደቅን ባልደረባ ካላችሁም አስቁሙት። ያ ሰው የሚጽፈው ለካሜራው ይሆናል።

ፈቃድን በተመለከተ አጭር ነው፤ ከቤቱ ባለቤት፣ ከጎረቤትም፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ጠይቁ። ቻንግም ይህን ሁሉ አድርጋለች።

ከዚያ የሚመጣው አቁሞ መጥፋት ነው። የምርቃቱ ቀን ሁሉም አለ። በሳምንቱ ጠመኔው አልቋል፣ ዝናብ ግማሹን አጥቦታል፣ አንዱ መሐል ላይ ስድብ ጽፏል። ከስድቡ ሥር የእናቱን ሞት የጻፈ ሰው አለ። በየቀኑ የሚያይ፣ የሚያጸዳና ጠመኔ የሚተካ ሰው መድቡ። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ጽሑፍ መምጣቱም አይቀርም። ያን ጊዜ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። የሚረዳ ሰው የሚገኝበትን ቦታም እዚያው በሚታይ ፊደል ለጥፉ።

በመጨረሻ ጽሑፉ የማን ነው? ብዙዎች ፎቶ አንስተው በማኅበራዊ ሚዲያ ይለጥፋሉ፣ በዓመታዊ ሪፖርት ያወጣሉ፤ የጻፈው ሰው አያውቅም። የተራ ሰዎችን ታሪክ በድምፅ የሚቀርጸው ስቶሪኮርፕስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ የመቅረጫ ክፍል ሲከፍት መንገዱ ሌላ ነበር። ሁለት ሰዎች ለ40 ደቂቃ ያህል ያወራሉ፣ ቅጂውን ይዘው ይሄዳሉ፣ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚለውንም ራሳቸው ይወስናሉ። እናንተም ሰሌዳው አጠገብ በግልጽ ጻፉት፤ ፎቶ ይነሳል ወይስ አይነሳም? የት ይወጣል? መቼ ይጠፋል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ ምርጫ በኋላ ማቲው ቻቬዝ የተባለ አርቲስት የኒው ዮርክ የምድር ባቡር መተላለፊያ ውስጥ ሰዎች ስሜታቸውን በተለጣፊ ወረቀት እንዲጽፉ ጋበዘ። ግድግዳው በወረቀት ተሸፈነ። ጊዜው ሲያበቃ ወረቀቶቹ ወደ ቆሻሻ አልሄዱም። በእጅ ተነቅለው የተወሰኑት በከተማው የታሪክ ማኅበር እንዲጠበቁ ተደረገ። የእናንተን ማን እንደሚነቅለውና የት እንደሚያደርሰው ከመክፈቻው ቀን በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ።