ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ስንቆጥር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዲሲ ዘመድ የሌለው አዲስ አበቤ ማግኘት ይከብዳል። ግን «በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዱ 9፣ ሌላው 13፣ ሌላው 20 ይላችኋል። ሁሉም ቲኬቱን አይቶ ነው የሚናገረው።

ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ መጨረስ የተለመደ ስህተት ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ በአጭሩ መስመር 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር ስናካፍለው 13 ሰዓት አይሞላም። ይህ ግን የመሄጃውን እውነት አይነግረንም።

ለምን? መሄጃና መመለሻ እኩል ስላልሆኑ። ይሄኛውን ስህተት ብዙ ሰው ሳያውቀው ይሠራል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም አቅም ያንሳቸዋል። ሰውና ሻንጣ ጢም ብሎ፣ በዚያ ላይ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ከባድ ነው። ስለዚህ የሚሄደው አውሮፕላን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ለዓመታት ደብሊን ያርፍ ነበር። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም። ከዚያ የሚነሳው ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ቦሌ ይገባል። ነፋሱም ያግዘዋል፦ ላይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ የሚሄደውን ይገትረዋል፣ የሚመለሰውን ይገፋዋል።

መነሻና መድረሻ ሰዓቱን መቀናነስም ያሳስታል። ቲኬቱ ላይ ያሉት ሰዓቶች የየከተማው ናቸው። ለምሳሌ ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 8:00 ዲሲ የሚደርስ በረራ 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ሲደመርበት ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ልዩነቱ ራሱ ደግሞ ይቀያየራል። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መገባደጃ 7 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ ያዞራሉ፤ እኛ አናዞርም።

ካርታ ላይ በማስመሪያ ማስመርም አያዋጣም። ምድር ክብ ናት። አጭሩ መንገድ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ስፔንን ያቋርጣል። እሱም ቢሆን ሰማዩ ክፍት ሲሆን ነው፤ በሚያዝያ 2015 ጦርነት ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘግቶ በረራዎች መዞር ነበረባቸው።

የመጨረሻው የኛው የራሳችን ነው። በፈረንጅ ሰዓት ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ለእኛ ግን እስኪነጋ ድረስ ያው ቀን ነው። «ማክሰኞ 00:30» ማለት በኛ ሰኞ ሌሊት 6:30 ነው። አክስቴ ልጇ ጋ ልትሄድ ቲኬቷ ላይ ይህ ነበር የተጻፈው። ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መላው ቤተሰብ አጅቧት ቦሌ ስትደርስ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ ከሃያ ሰዓት በላይ ሆኖታል። በርበሬዋና ሽሮዋ እንደታሸጉ ሳምንት ሳሎን ተቀመጡ።