ከሐዋሳ ወደ ላንጋኖ በቁጠባ

ሐዋሳ እየኖርኩ ለዋና ግን ላንጋኖን እመርጣለሁ፤ የእኛ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ የሆነው ከደለሉ ነውና አትስጉ።

ብሩን አስቀድማችሁ ሰብስቡና ለአንድ ሰው ስጡ። በየደረሱበት "እኔ ልክፈል፣ አንተ ክፈል" ወጪ ያበዛል፣ ጓደኛንም ያቀያይማል። ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ሻሸመኔ፣ ከዚያ በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ባቱ የሚሄድ መኪና ይዛችሁ ላንጋኖ ጋ ውረዱ። አስፋልቱ ያለበት ምዕራቡ ዳርቻ ሰው ይበዛበታል። ምሥራቁ ጸጥ ያለ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ስላልሆነ ግን አዋጥታችሁ መኪና ብትኮናተሩ ይሻላል።

ዋናው ቁጠባ ምግቡ ላይ ነው። እኔ ቁሌቱን ዓርብ ማታ በደንብ አብስዬ፣ በርበሬና ዘይት ሳልሰስት፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ እይዛለሁ። እዚያ ውሃ ጨምሮ ማንተክተክና ድርቆሹን መጨመር ብቻ ነው፤ ትኩስ ፍርፍር ሐይቅ ዳር! ከሰልም ከቤት ያዙ፣ እባካችሁ ግራሩን አትቁረጡ። የመጠጥ ውሃ በጀሪካን።

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ባለቦታውን አስፈቅዱ፣ ዋጋውንም ቁርጥ አድርጉ። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበል አለ፤ ስለዚህ ጠዋት ዋኙ።