«ፋይሉ ተከፍቷል፣ ግን ዝም አለ»፦ የቤተ መጻሕፍት ተደራሽነት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለአንድ ዓይነ ስውር አንባቢ መጽሐፍ በኢሜይል ልካችኋል። ደርሶታል፣ ከፍቶታልም። ግን «አይሠራም» ብሎ ይመልስላችኋል። እናንተ ጋ ሲከፈት ወለል ብሎ ይታያል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት እዚህ ላይ «ችግሩ የሱ ኮምፒውተር ነው» ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው የላካችሁት ፋይል ውስጥ ነው።

«አይሠራም» ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መጠየቅ ያለበት «የቱ ጋ ሲደርሱ ቆመ? ኮምፒውተሩ ምን ብሎ ነገረዎት?» ነው። መልሱ ውስጥ ምክንያቱ አለ።

«ባዶ ገጽ ነው ይለኛል»

በብዛት የሚመጣው ቅሬታ ይሄ ነው። መጽሐፉ ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ ሆኗል። ለዓይን ጽሑፍ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፎቶ ነው። ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም) ሊያነበው የሚችል ፊደል ውስጡ የለም። ለማረጋገጥ አንድ ቃል በማውዝ ለመምረጥ ሞክሩ። ቃሉ ብቻውን አልመረጥ ካለ፣ ወይም ፊት ለፊታችሁ ያለውን ቃል ፈልግ ስትሉት «የለም» ካላችሁ፣ ፎቶ ነው።

መፍትሄው ኦሲአር ነው፤ ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ማለት ነው። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ነው፣ አማርኛም ያውቃል። ስካኑ ግን ጥራት ይፈልጋል። 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፣ ገጹ አይጣመም፣ የመጽሐፉ እጥፋት ጥላ መስመሩ ላይ አይውደቅ። በስልክ ተጣድፎ የተነሳ ገጽ ላይ ፕሮግራሙ ተ እና ቸን፣ ደ እና ጀን፣ ነ እና ኘን ያምታታል። ልዩነታቸው ትንሽ ጭረት ናት። ስለዚህ የሰው ዓይን ሊያርመው ይገባል። ሁሉንም ለማረም ጊዜ ከሌለ ቁጥሮችን፣ ርዕሶችንና ሠንጠረዦችን አስቀድሙ። ዓረፍተ ነገር መሃል የተሳሳተች ፊደል ከአውዱ ትገመታለች። የተሳሳተ ቁጥር በምን ይገመታል?

ሌላም አለ። ጽሑፉ ተነበበ፣ ግን 300 ገጽ ያለ አንዳች ርዕስ የተዘረጋ ነው። ምዕራፍ 7 የት እንዳለ ለማወቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማዳመጥ ሊኖርበት ነው። ርዕሱን ማወፈርና ማተለቅ በቂ አይደለም፤ ያ ለዓይን ብቻ ነው። ወርድ ላይ «ሄዲንግ» የሚለውን ስታይል ተጠቀሙ። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው በአንድ ቁልፍ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል።

«የማይገባ ነገር ያነብልኛል»

ይህኛው የአማርኛ ፋይሎች ላይ በተለይ ይበዛል። ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ ጽሑፉ የሚለቀመው የላቲን ፊደላትን በአማርኛ ቅርጽ በሚያሳዩ ፎንቶች ነበር። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይነበባል፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ነው። ስክሪን ሪደሩም ያንኑ ውጥንቅጥ በእንግሊዝኛ ድምፅ ይተፋዋል። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንድ አንቀጽ ገልብጣችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛው ከጠፋ ተገኘ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፎንቱ የማይታወቅ ከሆነ ገጹን ፎቶ አድርጎ በኦሲአር ማሳለፍም ይቻላል። እግረ መንገዱን ሌላ ችግር ይፈታል፦ እንዲህ ያለውን ፋይል በፍለጋ ማግኘት የሚያይ ሰውንም ያቅተው ነበር።

ሁለተኛው፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖ ድምፁ ሳይኖር ሲቀር ነው። ስክሪን ሪደሩ የእንግሊዝኛ ድምፅ ላይ ከሆነ የአማርኛውን ፊደል ወይ ይዘለዋል ወይ የኮድ ቁጥሩን ይቆጥራል። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ነጻ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ አለው። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ሮቦት ሮቦት ይላል፣ ግን ያነባል። ከናንተ በኩል ደግሞ የድረ ገጹ ኮድ ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑ ይገለጽ። አንድ መስመር ነው። ብዙ ገጾች ከእንግሊዝኛ ቅጂ ስለሚነሱ «እንግሊዝኛ» እንደተባሉ ይቀራሉ።

«ካታሎጉ ላይ ተያዝኩ»

ማውዙን ንቀሉና በኪቦርድ ብቻ አንድ መጽሐፍ ፈልጉ፤ ከዚያም ለመዋስ ጠይቁ። ታብ፣ ኢንተር፣ የቀስት ቁልፎች፣ በቃ። አሁን የቱ ላይ እንዳላችሁ የሚያሳይ ምልክት ካልታያችሁ፣ ወይም አንድ ሳጥን ውስጥ ገብታችሁ መውጫ ካጣችሁ፣ የአንባቢዎቻችሁን ችግር በዓይናችሁ አያችሁ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ማውዝ መያዝ የማይችል ሰው፣ ዓይነ ስውርም እዚያው ላይ ነው የሚቆሙት።

የማጉያ መነጽር ምስል ያለበት ቁልፍ ስም ካልተሰጠው ስክሪን ሪደር «ቁልፍ» ብቻ ይላል። ምን የሚያደርግ ቁልፍ? «ፈልግ» የሚል ስም በኮዱ ይሰጠው። ሃያ ጊዜ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክም እንደዚያው ነው። ፎቶ መርጣችሁ ሰው መሆናችሁን አስመስክሩ የሚለው ማረጋገጫ ካለ አንሱት።

ዓይናቸው ደከም ላለ ሰዎች ሁለት ነገር እዩ። ጽሑፉ ከጀርባው ጋር ያለው የቀለም ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፤ በግራጫ ላይ ግራጫ የሚጽፍ ዲዛይነር ይህን ቁጥር ይወቀው። ገጹንም በ200 ፐርሰንት አጉሉት። ጽሑፍ ከተቆረጠ ወይም ከተደራረበ ዲዛይኑ ይስተካከል።

«ዳታቤዙ ይከፈታል፣ መጽሐፉ አይነበብም»

በገዛችሁት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ክምችት ውስጥ አሳታሚው ኮፒ እንዳይደረግ ብሎ የቆለፈው ነገር ስክሪን ሪደሩንም አብሮ ቆልፎታል። እናንተ ልታስተካክሉት አትችሉም። ስለዚህ ጥያቄው ከመግዛታችሁ በፊት ይነሳ። ሻጩ «ሙሉ በሙሉ ተደራሽ ነው» ሲል «እስቲ በኪቦርድና በስክሪን ሪደር አንድ ምዕራፍ ክፈቱልን» በሉት። ውል ከተፈረመ ደግሞ ለአንባቢው የሚሆን ኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ነው) ከአሳታሚው ጠይቁ።

«የቅጂ መብት አይፈቅድም» የሚል መልስ ከውስጥ ሲመጣ የማራኬሽ ስምምነትን አስታውሱ። በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈርሞ በ2016 ሥራ ላይ ውሏል። የተቀበሉ አገሮች ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ በሕጋቸው ይፈቅዳሉ። መጽሐፍ መያዝ ወይም መግለጥ የማይችል ሰውም ይካተታል። ዝርዝሩን ግን ከአገሩ ሕግ ጋር አስተያዩ።

«ደረስኩ፣ ግን መግባት አቃተኝ»

ራምፕ አለ፣ ቁልቁለቱ ግን ሰው ይገለብጣል። የተለመደው መለኪያ 1 ለ 12 ነው። ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ የ6 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል። በመደርደሪያዎች መካከል 90 ሴንቲሜትር ግድም ክፍት ይሁን። ከ120 ሴንቲሜትር በላይ ያለ መጽሐፍ ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው አይደረስም፤ መደርደሪያውን መቀየር ካልተቻለ የሚያወርድ ሠራተኛና መጥሪያ ይኑር። የዊልቸር መጸዳጃ ቤቱ የመጥረጊያና የካርቶን መጋዘን ከሆነ፣ መፍትሄው ዛሬ ባዶ ማድረግ ነው። በጀት አይጠይቅም።

«ያሉት አልሰማሁም»

መስማት የተሳነውን ሰው «በስልክ ይደውሉ» አትበሉት። አጭር መልእክት ወይም ቻት ይኑራችሁ። ቪዲዮዎቻችሁ ላይ በሰው የታረመ የግርጌ ጽሑፍ ይግባ። የምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ለሆኑ ሰዎች ግን ጽሑፍ ሁልጊዜ አይበቃም፤ ለስልጠናና ለስብሰባ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ያዙ።

«እኛ እናንብብልህ»

ይህኛው ከሠራተኛ በኩል የሚመጣ ነው፤ በቅንነት ይባላል። ለአንድ ቀን ጥሩ ነው። እንደ ቋሚ አገልግሎት ግን አልስማማበትም። ሰውየው ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ፍቺው ማንበብ ቢፈልግስ? ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ጉዳዩን ሁሉ አወቀ ማለት ነው። ፋይሉን አስተካክሎ ጆሮ ማዳመጫ መስጠት ይሻላል። ደግሞም አብሮት የመጣውን ሰው «ምን ፈልጎ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ራሱን ጠይቁት።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ቅሬታ ያቀረበውን ሰው ጥሩት። በራሱ መሣሪያ መጽሐፉን ከካታሎጉ ይፈልግ፣ ይዋስ፣ መሃል ላይ ያለ ምዕራፍ ይክፈት። እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ የቆመበትን ቦታ ጻፉ። የሙያ ሥራ ነውና ለጊዜው ክፈሉት።