የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ስሌት ሲዛባ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ፣ ማለትም አንድ አተም በቦንድ (በኬሚካዊ ትስስር) ውስጥ የጋራ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ የመሳብ አቅም፣ እንደ ሙቀት በመሣሪያ የሚነበብ ሳይሆን ከሌሎች ከተለኩ መጠኖች የሚሰላ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ሲዛባ ከሁሉ በፊት የማንን ፍቺ እንደተጠቀምን እንጠይቅ።

ምልክት፦ በፖሊንግ ቀመር ሊቲየም ሃይድራይድን ስናሰላ ከዳግም ዘሩ ሥር ኔጌቲቭ ቁጥር ይመጣል።

ምክንያት፦ ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳቀረበው፣ ሁለት የተለያዩ አተሞች የሚፈጥሩት ቦንድ እያንዳንዳቸው ከመሰላቸው ጋር ከሚፈጥሯቸው ቦንዶች አማካይ በልጦ የሚገኝበት የኢነርጂ ትርፍ የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነታቸው መለኪያ ነው። በሃይድሮጅን ክሎራይድ ላይ ነገሩ ያምራል፦ የሁለቱ ንጹሕ ሞለኪውሎች የቦንድ ኢነርጂ 436 እና 242 ኪሎጁል በሞል፣ አማካያቸው 339፣ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ደግሞ 431 ነው፤ የ92ቱ ትርፍ ወደ ኤሌክትሮንቮልት ለመቀየር ለ96.5 ተካፍሎ ዳግም ዘሩ ሲወሰድ 0.98 ይሆናል፣ የፖሊንግ የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ሠንጠረዥም ልዩነቱን 0.96 ይላል። የሊቲየም ሞለኪውል ቦንድ ግን 105 ገደማ ብቻ ስለሆነ ከሃይድሮጅን ጋር አማካዩ 270 ሲደርስ፣ የሊቲየም ሃይድራይድ 238 ላይ ይቀራል።

መፍትሄ፦ ፖሊንግ ራሱ እንዳደረገው የሁለቱን ንጹሕ ሞለኪውሎች የቦንድ ኢነርጂ አባዝቶ ዳግም ዘራቸውን መውሰድ ነው፤ አማካዩ ወደ 214 ወርዶ የ24 ትርፍ ይገኛል። ይሁንና ከዚህ የሚወጣው ልዩነት የሠንጠረዡን 1.22 ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ፣ በአንድ ቦንድ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ምልክት፦ በሙሊከን ቀመር ሃይድሮጅን ካርቦንን ይበልጣል።

ምክንያት፦ ሮበርት ሙሊከን እ.ኤ.አ. በ1934 የአዮናይዜሽን ኢነርጂንና (ከአተም ኤሌክትሮን ለመንቀል የሚያስፈልገውን) የኤሌክትሮን አፊኒቲን (አተም ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀቀውን ኢነርጂ) አማካይ ወሰደ። ነጻ አተሞችን ከወሰድን ሃይድሮጅን 7.18፣ ካርቦን 6.26 ኤሌክትሮንቮልት ይሆናሉ፣ የፖሊንግ ሠንጠረዥ ግን 2.20 እና 2.55 ብሎ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። ስህተቱ ከቀመሩ አይደለም፤ ነጻው ካርቦን ሁለት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ብቻ ሲኖሩት፣ በሚቴን ውስጥ ያለው ካርቦን አራት ቦንድ የሚሠራ ሌላ ሁኔታ ላይ ያለ አተም ነው።

መፍትሄ፦ ሙሊከን ያሰበውም ይህንኑ ስለነበር፣ አተሙ ቦንድ ለመሥራት የተዘጋጀበትን የቫለንስ ሁኔታ ዋጋዎች እንጠቀም፤ ያኔ የኤስፒ3 ካርቦን (እንደ ሚቴን አራት ነጠላ ቦንድ የሚሠራው) 7.98 ደርሶ ሃይድሮጅንን ይበልጣል። የኤስፒ ካርቦን (በአሴቲሊን ውስጥ ያለው፣ ሦስትዮሽ ቦንድ የሚሠራው) ከዚህም በላይ ይወጣል፤ የአሴቲሊን ሃይድሮጅን ከሚቴን ሃይድሮጅን ይልቅ በቀላሉ እንደ ፕሮቶን የሚለቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲን የአተም ቋሚ ባሕርይ አድርጎ ማስተማር ይህን ውብ ነገር ይደብቃል።

ምልክት፦ ለሙሊከን ቀመር በኮምፒዩተር የተሰላው የክሎሪን ኤሌክትሮን አፊኒቲ ከተለካው 3.61 ኤሌክትሮንቮልት በጣም ያንሳል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ የኔጌቲቭ አዮን የውጭ ኤሌክትሮኖች ከኒውክሊየሱ ርቀው ስለሚሰራጩ፣ ዲፊዩዝ ፈንክሽን (ከኒውክሊየሱ ርቀው ያሉ ኤሌክትሮኖችን የሚገልጽ ሰፊ ፈንክሽን) ያለበት ቤዚስ ሴት (ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሮኖችን የሚገልጽባቸው የሒሳብ ፈንክሽኖች ስብስብ) መርጦ አተሙንም አዮኑንም በዚያው ማስላት ያስፈልጋል።