ሳማ ሲደመር ማሳ፦ የፊደል ሂሳብ አልወጣ ሲላችሁ

መስከረም ላይ ደንበጫ አክስቴ ቤት ነበርኩ። የማሳው ዳር ሳማ በቅሎበት ልጆቹን እየለበለበ ያስቸግራል። ማታ መብራት ጠፋ፣ በቆሎ እየጠበስን ለአክስቴ ልጅ ይህችን ጻፍኩለት፦

ሳማ + ማሳ = ምሳም

እያንዳንዱ ፊደል ከ0 እስከ 9 አንድ አኃዝ ይወክላል። ሁለት ፊደል አንድ አኃዝ አይጋሩም፣ ቃልም በ0 አይጀምርም። ሕጉ ይኼው ነው። ልጁ ታዲያ ያልገባበት ጉድጓድ የለም፤ እናንተም እንዳትገቡበት አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ችግር፦ ሙከራው አያልቅም

ደብተሩን ሙሉ ቁጥር እየገመተ ጨረሰው። ሦስቱም ፊደሎች ቃል ስለሚጀምሩ 0 አይሆኑም፤ እንደዚያም ሆኖ 504 አማራጭ ይቀራል። እስኪነጋ ቢገምት አይጨርስም።

መፍትሄው ከግራ ጫፍ መጀመር ነው። ሁለት ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮች ቢበዛ 99 + 99 = 198 ናቸው፣ 200 አይደርሱም። ስለዚህ ም = 1፣ አለቀ። አሁን ወደ ቀኝ ዞር በሉ። ማ + ሳ መጨረሻው 1 መሆን አለበት፤ ድምሩ ራሱ 1 እንዳይሆን አንዱ 0 መሆን ሊኖርበት ነው፣ 0 ደግሞ ከልክለናል፣ 21 እንዳይሆን ሩቅ ነው፣ ስለዚህ 11 ነው። 1 ጽፈን 1 እንይዛለን። የአሥር ቤቱ ላይ ያው 11 ከተያዘው 1 ጋር 12 ይሆናል። ሳ = 2፣ ማ = 9። 29 + 92 = 121። አንድም ግምት አልገባበትም።

በእንግሊዝኛ ስሙ የገነነው እንቆቅልሽም፣ እንግሊዛዊው የእንቆቅልሽ ደራሲ ሄንሪ ዱድኒ በ1924 እ.ኤ.አ. ያወጣው SEND + MORE = MONEY፣ በዚሁ በር ነው የሚከፈተው። ቃላቱ «ተጨማሪ ገንዘብ ላክ» ይላሉ (ባሕር ዳር የሚማር ልጅ ለቤተሰቡ የሚልከው መልእክት በሉት)፣ መልሱ 9567 + 1085 = 10652 ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ 1 እዚያም ያለ ሙከራ ትገኛለች።

ችግር፦ ሳ እና ም ሁለቱም 1 ሆኑ

የያዛችሁትን 1 ረስታችኋል። ከአሥር ቤቱ በላይ በትንሹ ጻፏት።

ችግር፦ ሦስት መልስ ወጣ

ይኼኛው የእኛ የራሳችን ጣጣ ነው። ልጁ «አያ፣ ሦስት መልስ አገኘሁ» ብሎ ሲኮራ ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። አንደኛው ቃል ላይ «ሣማ» ብሎ በንጉሡ ሠ ጽፏል፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ግን በእሳቱ ሰ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለሂሳቡ ግን አራተኛ ፊደል ገባ ማለት ነው። እውነትም ሦስት መልስ አለው፦ 48 + 83 = 131፣ 67 + 74 = 141፣ 86 + 65 = 151። ሂሳቡ ልክ ነው፣ ጥያቄው ነው የተለወጠው። ትክክለኛው 29 ደግሞ ጭራሽ ወደቀ፣ ምክንያቱም ሣ እና ሳ ሁለቱም 2 ሊሆኑ ነው።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ፈትሹ፤ እንደ አንድ ይቆጠሩ ወይስ እንደ ሁለት፣ ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ አንድ ቃል ውስጥ የገባው ፊደል እስከ መጨረሻው እንዲቀጥል ነው የማደርገው። የቅኔ ቤት ሰው አጠገባችሁ ካለ ግን ተጠንቀቁ። ለእርሳቸው ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ «ያው ነው» ብትሏቸው ጨዋታው ይቀርና ተግሣጽ ይጀመራል።

ችግር፦ ምንም መልስ የለም

ማ እና ምን እንደ አንድ ቆጥራችኋል። ቤተሰብ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሁለቱንም 1 ብትሉ ሳ 90 ሁኚ ትባላለች።

ችግር፦ አኃዝ አለቀ

ልጁ በማግስቱ በተራው ደብረ ማርቆስን ከፍኖተ ሰላም ጋር ሊደምርልኝ አመጣ። ቆጠርነው፦ ሰባትና ስድስት፣ ሁሉም የተለያዩ፣ 13 ፊደል። አኃዙ ደግሞ 10 ብቻ ነው። በእኛ ፊደል ይህ ቶሎ ይመጣል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቅርጽ አለው። አጭርና የሚደጋገም ቃል ፈልግ ብዬ መለስኩት። እስካሁን «ቆይ አያ፣ እየመጣ ነው» እያለኝ ነው።