ጠመንጃ ላይ ስለሚገጠሙ ዕቃዎች ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወዳጄ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ሰማህ? ሳይለንሰር እኮ ነፃ ሆነ» አለኝ። ደስ ብሎታል። እዚህ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ተኩስ የሚሄድ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነው። ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ያስደነገጠኝ ሌላው ግማሽ ነው። እኔም ጠመንጃ አለኝ፤ የጠመንጃ ባለቤቶችን ብሶት ከውስጥ አውቀዋለሁ። ግን ስለ ድምፅ ማፈኛና ጠመንጃ ላይ ስለሚገጠሙ ሌሎች ዕቃዎች ሕግ ስናወራ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች አሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀረጡ ቀረ ሲባል ምዝገባው የቀረ ይመስለናል

ሳይለንሰር ማለት አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ድምፅ ማፈኛ ነው። በ1934 የወጣው የፌዴራል ሕግ ድምፅ ማፈኛ፣ መትረየስና አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃ ላይ 200 ዶላር ቀረጥ ጣለ፤ እንዲመዘገቡም አዘዘ። የያኔው 200 ዶላር በዛሬ ገንዘብ ከ4 ሺህ በላይ ነው። ሰው እንዳይገዛ ታስቦ የተጣለ ነበር። ቁጥሩም ከ90 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጁላይ 2025 የፈረሙት ትልቁ የበጀት ሕግ፣ ለድምፅ ማፈኛና ለአጭር ጠመንጃ ቀረጡን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ አደረገው። የመትረየሱ 200 ዶላር ግን አልተነካም። ምዝገባውም አልተነካም። ዛሬም ቅጽ ይሞላል፣ የጣት አሻራና ፎቶ ይሰጣል፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ዕቃው ከሱቅ አይወጣም። ሳያስመዘግቡ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

የባለቤቶቹ ማኅበራት ምዝገባውም እንዲቀር ታግለው ነበር። ሴኔት ውስጥ በበጀት ሥርዓት የሚያልፍ ሕግ ከገንዘብ ጋር የማይገናኝ ነገር መያዝ ስለማይችል ያ ክፍል ወጣ። አሁን ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስደውታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1937 ሕጉን ያጸናው «ይህ ቀረጥ ነው» ብሎ ነው፤ ታዲያ ቀረጡ ዜሮ ከሆነ ምዝገባው በምን ይቆማል? ይላሉ። ክብደት ያለው ጥያቄ ይመስለኛል። መልሱ እስኪመጣ ግን ሕጉ እንዳለ ነው።

ፊልም አይቶ መከራከር

ፊልም ላይ ማፈኛ የተገጠመለት ሽጉጥ «ፍስስ» የሚል ትንሽ ድምፅ አሰምቶ ያበቃል። በእውነቱ የጠመንጃ ተኩስ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ ማፈኛው የሚቀንሰው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ነው። የሚቀረው አሁንም ጆሮ የሚያስይዝ ድምፅ ነው። አዳኞች «ለጆሯችን ነው» ሲሉ ሰበብ እየፈለጉ አይደለም። ኖርዌይና ፊንላንድ ውስጥ ማፈኛ ለአደን የተለመደ ዕቃ ነው።

ይህን ስል ሌላውን ወገን ማጣጣሌ አይደለም። በሜይ 2019 እዚሁ ቨርጂኒያ ቢች 12 ሰው የገደለው ታጣቂ ሽጉጡ ላይ ማፈኛ ነበረበት። ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይከብዳል የሚለውን ስጋት ከዚያ በኋላ በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባምፕ ስቶክን መብት አድርጎታል ማለት

ይሄ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ባምፕ ስቶክ የጠመንጃውን ሰደፍ የሚተካ ዕቃ ነው። ጠመንጃው ሲተኩስ ወደኋላ ሲገፋ፣ ዕቃው ያንን ግፊት ተጠቅሞ ቃታውን ከጣት ጋር ደጋግሞ ያጋጨዋል። ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩሰው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ ታጣቂው ከሆቴል 32ኛ ፎቅ ሆኖ በአሥር ደቂቃ ያህል ከ1,000 በላይ ጥይት የተኮሰው በዚህ ነው። በኋላ የሞቱት ሲቆጠሩ 60 ሰው አለቀ። ላስ ቬጋስ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ያን ሌሊት ስልክ እየደወልን ማደራችንን አልረሳውም።

ጦር መሣሪያ የሚቆጣጠረው የፌዴራል ቢሮ፣ ኤቲኤፍ፣ ከዚያ በፊት ባምፕ ስቶክ መትረየስ እንዳልሆነ ደጋግሞ በደብዳቤ አረጋግጦ ነበር። በዲሴምበር 2018 ግን «መትረየስ ነው» አለ። እስከ ማርች 26 ቀን 2019 ያላጠፋ ወይም ያላስረከበ ወንጀለኛ ሊሆን ነው። እስከ 520 ሺህ የሚደርስ በሰው እጅ እንዳለ ቢሮው ራሱ ገምቷል። ኦስቲን ከተማ ጠመንጃ የሚሸጠው ማይክል ካርጊል ሁለቱን አስረክቦ ከሰሰ። ጁን 14 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 ፈረደለት።

ፍርዱ ግን ሁለተኛውን ማሻሻያ፣ ማለትም መሣሪያ የመያዝን ሕገ መንግሥታዊ መብት፣ አልነካም። ያለው ይህን ብቻ ነው፦ ሕጉ መትረየስን «በአንድ የቃታ እንቅስቃሴ ከአንድ በላይ የሚተኩስ» ይለዋል፤ ባምፕ ስቶክ ይህን አያሟላም፤ ቢሮው ደግሞ የሕጉን ቃል ማስፋት አይችልም። ከፈራጆቹ አንዱ ዳኛ አሊቶ፣ ኮንግረስ ከፈለገ ሕጉን ማሻሻል እንደሚችል በግልጽ ጽፈዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ኮንግረስ ይህን ዕቃ በሕግ ቢከለክል እደግፋለሁ።

የጠመንጃ ባለቤቶችን ቁጣ ያለ ምክንያት አድርጎ ማየት

ብዙ ባለቤቶችን ያስቆጣው ከዕቃው ይልቅ የተሄደበት መንገድ ነው። የሽጉጥ ብሬስን እንይ። ከክንድ ጋር የሚታሰር ድጋፍ ነው፤ ለአካል ጉዳተኛ ወታደር ታስቦ ተሠራ፤ በ2012 ኤቲኤፍ ፈቀደው። ሰው በሕጋዊ ሱቅ፣ በደረሰኝ ገዛ። በጃንዋሪ 2023 ያው ቢሮ አብዛኞቹን ብሬስ የተገጠመላቸው ሽጉጦች ያልተመዘገበ አጭር ጠመንጃ ናቸው አለና እስከ ሜይ 31 ጊዜ ሰጠ። ቢሮው 3 ሚሊዮን ያህል ብሬስ እንዳለ ገምቶ ነበር። ለምዝገባ የቀረበው ሩብ ሚሊዮን አካባቢ ነው። በጁን 2024 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻረው፤ በ2025 መንግሥትም ይግባኙን ተወ። ትናንት «ይቻላል» ተብሎ የገዛውን ሰው ዛሬ «ወንጀለኛ ነህ» ማለት ልክ አይደለም። ይህን ለማለት ጠመንጃ መውደድ አያስፈልግም።

ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት

ባምፕ ስቶክ እንዲታገድ ያዘዙት ትራምፕ ነበሩ። ትልቁ የጠመንጃ ማኅበር ኤንአርኤ ከላስ ቬጋስ በኋላ ተጨማሪ ቁጥጥር ቢደረግበት እንደማይቃወም ተናገረ። ገን ኦውነርስ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ማኅበር ደግሞ መንግሥትን ከሰሰ። የተኩስ ሜዳ ላይ የማገኛቸው ሰዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ማፈኛ ይፈቀድ የሚል ሰው ባምፕ ስቶክን ይጠላል።

ፌዴራል ከፈቀደ በቃ ማለት

አይበቃም። ኔቫዳ፣ ሜሪላንድ፣ ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ ባምፕ ስቶክን በራሳቸው ሕግ ከልክለዋል። ማፈኛ ቨርጂኒያ ይቻላል፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ ክልክል ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ድልድዩን የምንሻገር ሰዎች ነን።

ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ነው ብሎ ማዘዝ

«የነዳጅ ማጣሪያ» ወይም «የማጽጃ ፈሳሽ መያዣ» እየተባለ የሚሸጥ፣ ግን ወደ ማፈኛ የሚቀየር ቱቦ አለ። ማፈኛ ለመሥራት ብቻ የታሰበ ክፍልም በሕጉ ማፈኛ ነው። አትዘዙ።

ግሪን ካርድን መርሳት

ለወዳጄ የነገርኩት በመጨረሻ ይህን ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ጥቂት ልዩ ሁኔታ ካልሆነ አይችልም። የስደተኞች ሕግ ደግሞ በጦር መሣሪያ ጥፋት የተፈረደበትን ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ለማስወጣት ይፈቅዳል። አንቀጹ የጦር መሣሪያ «ክፍል ወይም ተቀጥላ»ንም በስም ይጠቅሳል። ማፈኛ በፌዴራል ሕግ ትርጉም ራሱ ጦር መሣሪያ ነው። ዜጋ ለሆነ ጎረቤቱ በእስር ወይም በገንዘብ ቅጣት የሚያልፍ ጥፋት፣ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከልጆቹ ሊለየው ይችላል።

ወዳጄ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ያዘዘውን ዕቃ ሰረዘ። ሰኞ የስደት ጉዳይ ጠበቃ ጋ አብረን ሄድን።