የኪራይ ውል እንዴት ይመዘገባል? ዋጋው ላይ እንዳትሸወዱ

መጋቢት 2016 ፓርላማ ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብዙ ነገር ይሰጣል። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው ካወጣው ጣሪያ አያልፍም። ይህ ሁሉ ግን የሚያገለግላችሁ ወረቀታችሁ ልክ ሲሆን ነው። እኔ የገባኝ ዕቃዬን አይሱዙ ላይ ስጭን ነው።

ቤቱን ከወደዳችሁት መጀመሪያ ካርታውን ጠይቁ። "የወንድሜ ነው" ከተባላችሁ ውክልና ይታይ፤ ማከራየትን የሚጨምር መሆኑንም አንብቡ። ባለቤቱ ዱባይ ወይም ዲሲ ሆኖ አክስቱ የምታከራየው ኮንዶሚኒየም ሞልቷል። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ይኑርበት፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት ለማከራየትም ይጠይቀዋል። ደላላው "ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሃል?" ማለቱ አይቀርም። እሱ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሊሄድ ነው፤ አትስሙት።

አሁን ወደ ዋጋው። ሳሪስ ግቢ ውስጥ ያለች ሁለት ክፍል ቤት በ14,000 ብር ተስማማን። ውሉ ሲጻፍ አከራዬ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ 6,000 እንበል። ግብሩ ሊበላኝ ነው። ቀሪውን በእጅ ትሰጠኛለህ" አሉኝ። ቤት ፍለጋ አንገሽግሾኝ ነበር። እሺ አልኩ።

በስድስተኛው ወር "በእጅ የምትሰጠኝ ላይ 4,000 ጨምር" አሉ። አዋጁን ጠቀስኩ። ሳቁ። "ወረቀቱ ላይ መቼ ጨመርኩ?" እውነታቸውን ነው። በየወሩ 8,000 ብር በእጅ መስጠቴን የሚያሳይ አንድ ብጣሽ ወረቀት አልነበረኝም። ልክሰስ ብል ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው የራሴ ጉድ ነው፤ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ፈርሜያለሁ።

"ታዲያ 6,000 እየከፈልክ አትቀመጥም ነበር?" ያሉኝ አሉ። ወረቀቱ ይፈቅዳል። ግን መብራቱ የሚቆጥረው በእሳቸው ቆጣሪ ነው፣ ውሃው በእሳቸው ቧንቧ ነው፣ ጠዋትና ማታ የምንገናኘው በአንድ በር ነው። ሁለት ወር ተኮራርፈን ወጣሁ።

ስለዚህ ሁለት ዋጋ ሲመጣ ግብር ይከፈል አይከፈል ብላችሁ አትከራከሩ፤ አትረቱም። ባንኩን አንሱ። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። አሁን ላለሁበት ቤት አከራይ "አካውንትዎ ላይ የሚገባውና ወረቀቱ ካልተመሳሰሉ ለእርስዎም አያምርም" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና 1,000 ብር ጨምረው ትክክለኛውን ጻፉ። ጭማሪዋን ያለቅሬታ እከፍላለሁ። አሻፈረኝ ካሉ ቤቱን ተዉት።

ቅድመ ክፍያ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር የሚሏችሁ ይኖራሉ። ሁለት ወር ነው፣ አለቀ።

ከተፈራረማችሁ በኋላ ለምዝገባ 30 ቀን አላችሁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የምትሄዱት ቤቱ ያለበት ወረዳ ነው፤ መታወቂያ ያወጣችሁበት አይደለም። እኔ ተሳስቼ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ተመልሻለሁ። ከአከራያችሁ ጋር አብራችሁ ሂዱ፤ የሁለታችሁ መታወቂያና የካርታው ኮፒ አይረሳ። "እኔ አስመዘግብልሃለሁ፣ ወረቀቱን ተወው" ካሉ አትተዉ። ማህተም ያረፈበትን የራሳችሁን ቅጂ ሳትይዙ ከወረዳው አትውጡ፤ እዚያው ቁሙና ዋጋው፣ ዘመኑና የቤት ቁጥሩ መስማማታቸውን እዩ።

ከዚያ በየወሩ በባንክ ወይም በቴሌብር ስትከፍሉ ምክንያቱ ላይ "የጥር ኪራይ" እያላችሁ ጻፉ። ስልክ ይጠፋል፤ አጭር መልእክቱን ብቻ አትመኑ። እኔ በየስድስት ወሩ ከባንክ ማህተም ያለው ስቴትመንት አወጣና ከውሉ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጣለሁ።